ከአስር የሚጀምር ሜትር

የአባቴ ሜትር የሚጀምረው ከአስር ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው ስሠራ አንድም ቀን አላሳቀኝም።

የእንጨት ሥራ ቤት አለን። በር፣ መስኮት፣ ቁም ሣጥን እንሠራለን፤ አንዳንዴም ሰው ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ መጥቶ "ልክ እንደዚህ ዓይነት አልጋ" ካለን አልጋ እንሠራለን። የከፈተው አባቴ ነው፤ አሁን የምመራው እኔ ነኝ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ እሱ ገና አለቃ እያለ፣ የብረት ሜትሩ ጫፍ መጋዝ ማሽን ውስጥ ገባና ተበጠሰ። ልክ አስር ሴንቲ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተመስገን፣ ጣቴ ተረፈ" ብሎ ሜትሩን ይጥልና ሌላ ይገዛል። አባዬ ግን የተበጠሰውን ጫፍ በመቀስ ከርክሞ ወደ ኪሱ መለሰው።

"ደህና ነው፤ ከአስር መጀመር ነው" አለ።

"አባዬ፣ ሜትር እኮ ነው! የሰርግ ቀለበት አይደለም። ሌላ እንግዛ።"

"የሚሠራ እቃ ምን ሲደረግ ይጣላል? ስትለኩ ካነበባችሁት ላይ አስር ቀንሱ። ስትቆርጡ አስር ጨምሩ። ይሄ ምኑ ይከብዳል?"

ምኑ ይከብዳል! ኧረ በናታችሁ! በአንድ ሰው ግትርነት የተነሳ አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራው ወይ አስር ይጎድላል ወይ አስር ይተርፋል። አንዱ የሠራውን የምግብ ጠረጴዛ ደንበኛው ወንበር ስቦ ሞከረና "ይቅርታ፣ ጉልበቴን የት ላድርገው?" አለን። እኔ ተቃጠልኩ፤ አባዬ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እያደር ግን ሁላችንም ለመድነው። እጃችን ራሱ መቀነስ ጀመረ። ዓይኔ ሰማንያ ያነባል፣ እርሳሴ ሰባ ይጽፋል፤ መሀል ላይ እኔ የለሁበትም።

ከሦስት ዓመት በፊት አባዬ ጡረታ ወጣሁ አለ። አለ እንጂ የት ሊወጣ! የሚኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ማለዳ ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከሁላችንም ቀድሞ የሥራ ቤቱ በር ላይ ይገኛል። ከዚያ መጋዝ ማሽኑ አጠገብ በርጩማው ላይ እንደ ዳኛ ይሰየማል። "ያ ሳንቃ ገና እርጥብ ነው።" "ኮላው በዛ።" "አንቺ ልጅ፣ መዶሻ እንደ ማንኪያ አይያዝም።" አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። ደንበኛ ፊት "አንቺ ልጅ" እባላለሁ። ጥርሴን ነክሼ "እሺ አባዬ" እላለሁ፤ ምን እላለሁ ታዲያ?

መቀመጥ ሲሰለቸው ደግሞ ይነሳና ራሱ ይቆርጣል። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እንጨት ሲነካ ግን ጸጥ ይላል። እውነቱን ለመናገር ከእሱ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው በቤታችን የለም። ይህንን ግን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም፤ ሳይነገረው እንኳን አልቻልነውም።

በዚህ ዓመት አንድ ክሊኒክ የዘጠኝ በር ሥራ ሰጠን። እስከዛሬ ካገኘነው ሁሉ ትልቁ ሥራ ነው። "በቃ!" አልኩ፤ "በተቆረጠ ሜትር ሰው ፊት አልዋረድም።" ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ቢጫ፣ አምስት ሜትር የሚሳብ፣ እንደ ወግ ማዕረጉ ከዜሮ የሚጀምር። አምጥቼ አባዬ ፊት እስከ ክንዴ ድረስ ሳብኩትና ለቀቅኩት። ጢዝ ብሎ ገባ።

"ቆንጆ ነው" አለ፣ ቀና ሳይል። "እኔ የራሴ አለኝ።"

ክሊኒኩ የበሮቹን ስፋት በወረቀት ሰጥቶናል። ቁመቱን ግን ወለሉ ገና ሴራሚክ ስላልለበሰ "ሲያልቅ መጥታችሁ ለኩ" ተባልን። ሲያልቅ ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ማንንም ለዚህ አላመንኩም። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ፣ በአዲሱ ሜትሬ፣ ከላይኛው መቃን እስከ ሴራሚኩ ዘጠኙንም ለካሁ፤ ጻፍኩ። ሁሉም እኩል ነበሩ። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰቀለች ቀጭን ሴት፣ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ጥንቅቅ ያልሽ ባለሙያ ነሽ" አለችኝ። ደስ አለኝ። እስከ ሥራ ቤት ድረስ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

ወረቀቱን ለአባዬና ለሙጫው ሰጠኋቸው። ሙጫው የምንለው ከሠራተኞቻችን ሁሉ የቆየው ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም አለው፤ ግን አንድ ሥራ ከያዘ ቢጎትቱት የማይላቀቅ ሰው ስለሆነ አባዬ ሙጫው አለው፣ በዚያው ቀረ። እኔ ያን ሰዓት ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ጣውላ የሚያመጣልን ሰውዬ "ነገ፣ ነገ" እያለ ለአራተኛ ቀን ያጉላላኛል። በዚህ መሀል አባዬ ከወረቀቱ ቀና አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ቁመቱ አላነሰም?"

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩና "አባዬ፣ ቆሜ የለካሁት እኔ ነኝ! ዝም ብለህ ቁረጥ!" አልኩት።

"እሺ" አለና ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። የራሱን።

ዘጠኙ መዝጊያዎች አምረው ተሠሩ። አሸዋ ወረቀቱ ሲያልፍባቸው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሱ። ሰኞ ጠዋት ጭነን ክሊኒክ ሄድን፤ እኔ፣ ሙጫውና ሌላ አንድ ሠራተኛ። የመጀመሪያውን ማጠፊያው ላይ ሰቀልነውና ዘጋነው። ከስሩ ብርሃን ገባ። ትንሽ ብርሃን እንዳይመስላችሁ። በመዝጊያውና በወለሉ መሀል ድመት ጎንበስ ሳትል ታልፋለች።

"ሌላውን ሞክሩ" አልኩ። ያው ነው። ሦስተኛውን፤ ያው። አስተዳዳሪዋ መነጽሯን ከአናቷ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

"እህቴ፣ ይሄ የምርመራ ክፍል ነው" አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ በቀስታ ነው የተናገረችው። "ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት ክፍል ነው። ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ የውስጡን ሰው እግር ሊያይ ነው? በአስር ቀን ውስጥ እንከፍታለን እኮ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሙጫው ተንበርክኮ ክፍተቱን ለካና "አስር" አለ።

አስር! ይህን ቁጥር ስሰማ ሌላ ምንም ነገር አላሰብኩም። በእኛ ቤት አስር ሴንቲ የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ሙጫው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ "ጫኑ፣ እንመለስ!" አልኩና ቀድሜ ወጣሁ።

ሥራ ቤት ስደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር። አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ እርሳስ ይቀርጻል።

"አስር መጨመር ረሳህ!" አልኩ ከበሩ።

"ምን?"

"ዘጠኙም በር በአስር ሴንቲ አጥሯል! በዚያ በጉድ ሜትርህ ቆረጥክ፣ አስር መጨመር ረሳህ! ስንት ዓመት ለመንኩህ? ጣለው አላልኩም? ስንት ዓመት!"

"ወረቀቱ ላይ እኮ..."

"ወረቀቱን ተወው! ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በደህና ሜትር፣ በደህና ዓይን ነው የለካሁት!"

እጁን አየ። እርሳሱን እንደያዘ፣ የገዛ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

"ዘጠኙንም?" አለ።

"ዘጠኙንም!"

"አንዱን እንኳ... አላስታወስኩም?"

ያኔ አንጀቴ አርሮ ስለነበር ይህ ጥያቄ ለሚጠይቀው ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ አልገባኝም። እንዲያውም ጭራሽ ባሰብኝ። "አርጅተሃል አባዬ። በቃህ። ቤትህ ቁጭ በል" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! አራት ሠራተኛ ቆሞ ይሰማል። የመጋዝ ማሽኑ እንኳ ጠፍቶ ነበር፤ ሌላ ጊዜ እኮ ሰው የተናገረው የማይሰማበት ቤት ነው።

አባዬ ተነሳ። ሱሪው ላይ ያረፈውን ሰጋቱራ አራገፈ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እኔም "ተቆጥቶ ነው፤ ነገ ይመጣል" አልኩ ለራሴ።

ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም "አንቺ ልጅ" አላለኝም፤ ኮላው በዛ፣ ሳንቃው ረጠበ የሚል የለም። እፎይ አልኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? እንደ ልቤ መዶሻዬን እንደ ማንኪያ ይዤ ዋልኩ። ረቡዕ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ እግሩ የወለቀ ወንበር ተሸክመው መጡና "ሰውዬውስ?" አሉኝ። "የሉም፤ እኔ ልይልዎት" አልኳቸው። ወደ ባዶው በርጩማ አየት አደረጉና "ግድ የለም፣ ሲመጣ እመለሳለሁ" ብለው ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያም ተናደድኩ። ወንበር እኮ ነው! የወንበር እግር ለማጋጠም የግድ አባቴ መሆን አለብኝ?

ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደወለች። እሷ ለስላሳ ሰው ናት፤ ያን ቀን ግን ሰላምታም የላት።

"አባዬን ምን አደረግሽው?"

"ምን አደረግኩት? እሱ ነው ያደረገኝ! ዘጠኝ በር..."

"ጢሙን እንድላጨው ጠየቀኝ።"

"ምን?"

"'እጄን አላምነውም' አለኝ። እኔ ነኝ ዛሬ ጠዋት የላጨሁት። በሩን ይቆልፍና ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይነካካዋል። ትናንት መድኃኒቱን ዓይኔ እያየ ዋጠ፤ ከዚያ ዞር ብሎ 'ውጫለሁ ወይ?' አለኝ። አሁን ደግሞ የእንጨት መላጊያዎቹን በሙሉ በጨርቅ ጠቅልሎ 'ለሙጫው ስጪልኝ፤ እኔ ጉዳት ሳላደርስ' ይላል።"

"ያው... እርጅና ነው" አልኳት። ድምጼ ለራሴም አላማረኝም።

"በሦስት ቀን?" አለች። "እሁድ ዕለት እኮ ሬዲዮኔን ፈታቶ ጠግኖልኛል! በሦስት ቀን ነው እንዴ ሰው የሚያረጀው?" ከዚያ ዘጋችብኝ። እህቴ ስልክ ስትዘጋብኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ዘጠኝ አዲስ መዝጊያ መቆረጥ አለበት፤ ጣውላው ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ገብቷል፤ ቀኑ እየሄደ ነው። ልኩን የጻፍኩበትን ወረቀት ፈለግኩ። አባዬ ያለቀ ሥራ ወረቀት አይጥልም፤ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ምስማር አለ፣ እዚያ ይሰካዋል። አውርጄ አየሁት።

ቁመት፣ 195። ቁመት፣ 195። እስከ ታች ድረስ፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ 195።

አያችሁ የሰው ነገር? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ማን ቀየረው?" የሚል ነው! ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት፤ የተፋቀ ነገር የለም። ያ ጭራው የተጠመዘዘ ዘጠኝ የእኔ ነው፤ ልጆቼ እንኳ ይስቁበታል። ከዚያ ክሊኒኩ ታወሰኝ። ሴራሚኩ ላይ ተንበርክኬ፣ አዲሱን ሜትር ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለት መቶ አምስት ሳነብ። አንብቤዋለሁ፤ ቁጥሩ ዓይኔ ላይ አለ። እጄ ግን አስራ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ። ምንም ካልጎደለው ሜትር ላይ አስር ቀነሰ። ዘጠኝ ጊዜ ቀነሰ፣ እኔም ጥንቅቅ ያልሽ ተብዬ ፈገግ አልኩ።

ክው አልኩ። አባዬ ጠይቆኝ ነበር እኮ። "ቁመቱ አላነሰም?" ብሎኝ ነበር።

"ሙጫው!" አልኩ።

"አቤት እትዬ።"

"ይህን ወረቀት አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ስንት ይላል?"

"መቶ ዘጠና አምስት።"

"አባዬ አስር ጨምሮ ነበር?"

"እንዴታ! ሜትሩ ላይ ሁለት መቶ አምስቷ ጋ ነው ምልክት ያደረገው። ጫፉን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ዘጠኙንም አብረን ነው የቆረጥነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!" ጩኸቴ ሰፈሩን አናጋው። "ሦስት ቀን ሙሉ! ለምን ዝም አልክ?"

"ክሊኒክ ልነግርሽ አልኩ፤ ጫኑ አልሽ። እዚህ ስንመጣ ጋሼ ሊነግርሽ ጀመረ፤ 'ወረቀቱን ተወው' አልሽ። እኛም ተውነው።"

"በማግስቱስ?"

ሙጫው ሌሎቹን አየ። ሌሎቹ መሬት አዩ። በመጨረሻ ከወደ ጥግ መስኮት የሚያሸው፣ በወር አንድ ቃል የማይወጣው ሰውዬ "እትዬ፣ አንቺ ስትናደጂ ማን ይነግርሻል?" አለ።

"ምን አደርጋለሁ? እበላችኋለሁ?"

"አትበዪም። ግን አትሰሚም።"

ሁሉንም ባባርር ደስ ባለኝ። አራት ጎልማሳ! ወረቀቱ በምስማር ተሰክቶ ከአናታቸው በላይ ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ቀን ከስሩ ሲሠሩ፣ ምሳ ሲበሉ! ስንት ዓመት አብረን ሠርተን እንዲህ ፈሩኝ? አባዬን ማንም አልፈራውም። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዝ ይውላል፤ መልሰህ ብትነግረው ግን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማሃል። ያ ሁሉ ዓመት ያቃጠለኝ ንዝንዝ ግማሹ ጥያቄ ነበር ለካ። "አላነሰም?" "አልበዛም?" "ደርቋል ወይ?" የእኔ ግን አንዱም ጥያቄ የለውም። ይህንን እዚያው ቆሜ፣ ወረቀቱን ይዤ ነው ያሰብኩት፤ ማሰቡ ራሱ አናደደኝ።

"ካጠሩት አንዱን መዝጊያ ጫን" አልኩት ሙጫውን።

"ወዴት ነው?"

"አባዬ ጋ።"

"እትዬ፣ ስልክ ብትደውዪለት አይሻልም?"

"ጫን አልኩህ!"

እህቴ ግቢ ስንደርስ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ላይ ምላጭ የነካው ትንሽ ቁስል አለ፤ እህቴ ሰው ላጭታ አታውቅም። መኪናውን ሲያይ እንደ ልማዱ "ቀስ በሉ፣ በሩን እንዳትገጩት" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ተነስቶ "መላጊያዎቹ እዚያ ተጠቅልለዋል፤ ውሰዱ" አለ ብቻ።

"ለመላጊያ አልመጣሁም አባዬ።" ከመኪናው ወረድኩ። እንዲህ ልበለው እንዲያ ልበለው ስል ነበር የመጣሁት፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። "አንተ አልረሳህም። እኔ ነኝ። በአዲሱ ሜትር ለክቼ አስር ቀነስኩ። ይኸው፣ የእኔው ጽሑፍ ነው። አንተማ ነግረኸኝ ነበር።"

ወረቀቱን ተቀበለኝ። ከዓይኑ አርቆ ይዞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። እህቴ እጇን በጨርቅ እያደረቀች በሩ ላይ ቆማለች።

ወደ እኔ አልዞረም። ወደ ሙጫው ዞረ።

"ጨምሬ ነበር?"

"ጨምረዋል ጋሼ። ጫፉን ይዤልዎት የለ?"

"ዘጠኙንም?"

"ዘጠኙንም።"

አባዬ ቁጭ አለ። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ይዞት የቆየ ይመስላል። እኔ ቁጣውን ጠበቅኩ። በእግዜር እምላለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የአባቴን ቁጣ ፈልጌው አላውቅም።

"ተቆጣኝ እንጂ አባዬ!" አልኩት።

"በምን ልቆጣ? ሰው ይሳሳታል። በዚያ ሜትር አስር መቀነስ ያስለመድኳችሁም እኔ ነኝ፤ የእኔም ጥፋት አለበት።" ወረቀቱን በጣቶቹ መሀል አጣጠፈው፣ ፈታው። "የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ መጨመሬን አውቅ ነበር። እጄ ያውቀዋል። ሃምሳ ዓመት የቆረጥኩበት እጅ እኮ ነው። አንቺ ግን 'ረስተሃል' አልሽኝ፤ በቃ፣ እጄን ትቼ አንቺን አመንኩ። ወደ ቤት ስመጣ መንገዱ ራሱ ልክ መሆኑን ተጠራጠርኩ።"

"ለምን አመንከኝ?"

ወረቀቱን መለሰልኝ።

"እርግጠኛ ነበርሽ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን በቅጡ አላስታውስም፤ አለቀስኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው ብያለሁ፤ ንፍጤ እስኪወርድ አለቀስኩ። እህቴ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፣ እሷም እየተነፋረቀች። ሙጫው ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው መዝጊያውን ከመኪናው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

አባዬ መዝጊያውን ሲያይ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ተነሳ። በመዳፉ ዳበሰው፣ ጎንበስ ብሎ ከስሩ አየው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ጸጥ አለ።

"ምን ይሻላል?" አልኩት። አስራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ ይህን ጥያቄ ጠይቄው የማውቅ አይመስለኝም። እሱም እንደተለመደ ነገር አልቆጠረውም፤ ዞር ብሎ አየኝ።

"እኔን ነው?"

"አንተን ነው እንጂ ማንን ነው!"

"ዘጠኝ በር አትጣዪ" አለ፣ ቀስ እያለ። "ከስር አስር ሴንቲ ጠንካራ እንጨት ይቀጠልበት፤ በኮላና በብሎን ይያዝ፣ ቀለሙም ለየት ይበል። ክሊኒክ ወለሉ በየቀኑ በውሃ ነው የሚታጠበው፤ የበር መጀመሪያ የሚበሰብሰው እግሩ ነው። ሲበሰብስ ያችን አስር ሴንቲ ብቻ ትቀይሩላቸዋላችሁ። ለሴትየዋ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት። መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው በያት።"

አስተዳዳሪዋ ጋ እዚያው ሆኜ ደወልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ስለ ቅጥያው ሳስረዳት ሰማችኝና "የወለሉን ውሃ ማን አሰበው?" አለችኝ። "አባቴ" አልኳት። "እንግዲያው እሺ፤ በቀኑ አድርሱልን" አለች። አንድ ሳምንት አለን፤ ይበቃል።

መዝጊያውን መልሰን ጫንን። ሙጫው መሪውን ያዘ። እኔ የመኪናውን በር ከፍቼ ቆምኩ፤ አባዬ እንደ ልማዱ ማንም ሳይጠራው ይገባል፣ ገብቶም "ቀስ ንዳ" ይላል ብዬ ነው። አልመጣም። የበረንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ ቀረ። መላጊያዎቹን እንደተጠቀለሉ ታቅፏቸዋል።

"ልምጣ?" አለኝ።

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በገዛ እጁ የከፈተውን ቤት ነው የሚያስፈቅደኝ። አባቴ ማስፈቀድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ በሦስት ቀን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ወጣሁ፣ መላጊያዎቹን ተቀበልኩት፣ "አባዬ፣ እባክህ" አልኩት።